ጎጆ የማትቀልሰው ንብ

ደሴ ውስጥ ያረጀ የጭቃ ቤት ካለ አንዱ ግድግዳው የተበሳሳ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ወገን። ክረምቱ ልስኑን አጥቦ ጭዱን ካወጣው በኋላ፣ መስከረም ሲጠባ፣ እርሳስ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች ይታዩበታል። የምትበሳው የቀፎዋ ንብ አይደለችም። ወፈር ያለች፣ ሆዷን ነጣ ያሉ ቀለበቶች የከበቧት፣ ብቻዋን የምትኖር ንብ ናት። አውራ የላትም፣ መንጋ የላትም፣ ማር አይቆረጥባትም። ልጆች ሳለን ቀዳዳው ውስጥ ጭድ እየሰደድን እናስቆጣት ነበር። ከግድግዳው ውስጥ የሚሰማው ድምጿ ከሩቅ የሚሠራ ወፍጮ ይመስላል።

የዘርፉ ሰዎች አሜጊላ የሚሏት ወገን ናት። ግድግዳውን ሰርስራ ትገባና ከጭቃው የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ክፍል ታበጃለች፤ ውስጧን ትለስናለች፤ ከአበባ ያመጣችውን ዱቄትና ወለላ አቡክታ ትሞላታለች፤ በላዩ አንዲት እንቁላል ጥላ ትደፍናለች። ልጇን አታየውም። ስንቁን ቋጥራለት ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ወይም የወንዝ ገደል ባለበት የአፍሪካ ምድር ደግሞ ሌላ ንብ ታንዣብባለች። ጥቁር ናት፤ በላይዋ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነቁጥ እንደ ቀለም ጠብታ ተረጭቶባታል። አትቆፍርም፣ ጭቃ አትሸከምም፣ ከአበባ የምትቀስመውም ለገዛ ጉሮሮዋ ያህል ነው። ግድግዳው ፊት ትዞራለች፣ ታርፋለች፣ ትጠብቃለች። የቤቱ ባለቤት ወደ አበባ ስትወጣ ትገባና የተደፈነውን ክፍል ሸርፋ እንቁላሏን አስቀምጣ ትወጣለች። ከዚያ እንቁላል የሚፈለፈለው እጭ ማጭድ የመሰለ መንጋጋ ይዞ ነው የሚወለደው። የመጀመሪያ ሥራው ባለቤቱን ልጅ መግደል፣ ሁለተኛው ስንቁን መብላት ነው። ታይሬየስ ይሏታል፤ ቃሉ ግሪክ ሲሆን ጋሻ ማለት ነው። ጀርባዋ እንደ ጋሻ የጠነከረ በመሆኑ፣ እጅ ከፍንጅ ብትያዝም የተነዳፊነት ስጋቷ ጥቂት ነው። ሲመሽ የምታድርበት ቤት ስለሌላት የደረቀ የሣር አገዳ በመንጋጋዋ ትነክስና ተንጠልጥላ ታድራለች። አንድ ጊዜ ያያት ሰው አይረሳትም፤ እግሯን አጣጥፋ፣ በጥርሷ ብቻ የተሰቀለች ንብ።

ከሃያ ሺህ በላይ ከሆኑት የዓለም ንቦች ውስጥ እንዲህ በሌላው ቤት የሚኖሩት ጥቂት አይደሉም። ሆኖም ጥገኛ መሆናቸው እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ የታወቁበትም መንገድ ለታሪክ ጸሐፊ ትምህርት አለው። የተያዙት ስለነበራቸው ነገር ሳይሆን ስለጎደላቸው ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1802 ዊልያም ከርቢ የተባለ የእንግሊዝ የገጠር ቄስ የአገሩን ንቦች በሁለት ቅጽ ዘርዝሮ አሳተመ። ከዘረዘራቸው ውስጥ ተርብ የሚመስሉ፣ ቢጫና ቀይ የለበሱ፣ ሰውነታቸው ጠጉር አልባ የሆነ ንቦች ነበሩ። የሚሠራ ንብ ጠጉራም ነው፤ የአበባው ዱቄት የሚጣበቀው በጠጉሩ ላይ ነውና። እነዚህ መላጦች ስንቅ የሚሸከሙበት ነገር በሰውነታቸው ላይ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1832 ፈረንሳዊው ለፐልቲየ ደ ሳን ፋርዦ ይህንኑ ምርመራ በትልልቆቹ የብርድ አገር ጠጉራም ንቦች ላይ አካሄደ። ከነሱ መካከል በመልክ ከሌሎቹ የማይለዩ፣ ነገር ግን የኋላ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት የሚታቀፍበት ለጥ ያለ ቅርጫት የሌላቸው አገኘ። ቅርጫት የሌለው ሰው ገበያ ምን ይሠራል? ለብቻቸው ወገን አድርጎ ስም አወጣላቸው። ጎጆ ውስጥ ገብተው ሲሰርቁ ከመያዛቸው በፊት እግራቸውን አይቶ ፈረደባቸው ማለት ይቻላል፤ ፍርዱም ትክክል ነበር።

ወደኛው ሰነድ እንምጣ። የኢትዮጵያ መዝገብ ስለ ንብ ድሃ አይደለም፤ ግን የሚያውቀው አንዲቷን ንብ፣ ሠራተኛይቱን ነው። በወሎ ምድር ከንብ ጋር የተሳሰረው ትልቁ ትረካ የላስታው ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን አወቁ ስትል ስሙን አወጣችለት ይባላል። በአገውኛ ላል ማር ነው ይላሉ። ትረካው ንብን የሚያየው እንደ ሠራዊት፣ እንደ ታማኝ ሕዝብ ነው። እስካሁንም ከዚያ አልወጣንም። ንብ የሚባል ባንክ አለን፤ ንብን የምርጫ ምልክት ሆና አይተናታል። በጥገኛዋ ንብ ስም ባንክ የሚከፍት አይገኝም፤ ቢገኝም ገንዘቡን የሚያስቀምጥለት አይኖርም።

የውጭ ተጓዦች መዝገብም ለረጅም ጊዜ ከማር አላለፈም። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ሲኖር ወደ ማር የምትመራ ወፍ እንዳለች ጻፈ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ በነገሩ አፌዘ። ቀፎ በሺህ በሚቆጠርበት አገር ማር ጠቋሚ ወፍ ምን ታደርጋለች የሚል ነበር ክርክሩ። አሳማኝ ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው። ወፊቱ አለች፣ ትመራለችም። ስዊድናዊው ስፓርማን በደቡብ አፍሪካ ያያትን በ1777 ገልጾ ለሳይንስ አስረክቧል። የምትመራው ሰሙንና እጩን ለመብላት ነው። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚያገናኛት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሷም ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች፤ ጫጩቷም የባለቤቱን ጫጩቶች በመንቁሩ ስል ጫፍ ወግቶ ይገድላል። ብሩስ በጥርጣሬው ከማር ሌባ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ሳያውቃት አለፈ። ሰነድ የሚያነብ ሰው ይህን ዓይነቱን ስህተት ደጋግሞ ያጋጥመዋል፤ በራሱ ብልህነት የተታለለ ምስክር።

ነፍሳትን ለቅሞ በጠርሙስ ከሚያስገቡ የመጀመሪያ ከባድ ሙከራዎች አንዱ የፈረንሳዩ የባሕር ኃይል መኮንን የቴዎፊል ለፌቭር ጉዞ ነበር፤ ከ1839 እስከ 1843። አብረውት ሁለት ተፈጥሮ ተመራማሪዎች ነበሩ። ካርቲን ዲዮን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው። ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የለቀሟቸው ነፍሳት ግን ፓሪስ ደረሱ፤ ጌሬን ሜንቪል የሚባል ባለሙያ ገለጻቸው። የኢትዮጵያ ነፍሳት ሳይንስ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት መቃብሮች አሉ፤ አንዱ እንዲያውም መቃብር እንኳ አላገኘም።

በዚሁ ዘመን ወሎን ያቋረጠ አንድ አውሮፓዊ አለ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ መጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በወሎው ሹም በአዳራ ቢሌ እጅ ወደቀ። ሹሙ በእንግድነት ተቀብሎ አስቀመጠው፤ ከዚያ ንብረቱን ሁሉ ገፈፈው። ክራፕፍ ባዶ እጁን፣ በሰው እርጥባን፣ ምጽዋ ደረሰ። የጉዞ ማስታወሻው ስለ ወሎ መሳፍንት ከታተሙት የቀደሙ ምስክርነቶች አንዱ ነው፤ ስለ ነፍሳት ለመጻፍ ግን የተዘረፈ ሰው ጊዜ የለውም። አዳራ ቢሌን ከታይሬየስ ጋር ማወዳደር ያምረኛል፤ ለንቢቱ ፍትሕ አይሆንም ብዬ ተውኩት። እሷ ቢያንስ እንግዳ አትቀበልም።

ሁለተኛው ዕድል በ1868 መጣ። መቅደላ የዛሬው ደቡብ ወሎ ናት። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዝሆን እያስጎተተ ሲወጣ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የጂኦሎጂ ሰው አብሮ ነበር፤ በ1870 ስለ አቢሲንያ ጂኦሎጂና እንስሳት ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የብላንፎርድ ዓይን ግን አጥቢዎች፣ ወፎች፣ ተሳቢዎችና የየብስ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነበር። ከመቅደላ 350 ያህል ብራናዎች ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ተጓዙ። የጦሩ ሰዎች ከወሎ ምን ይዘው እንደሄዱ በዝርዝር እናውቃለን፤ ንብ የዝርዝሩ ጌጥ አይደለችም።

ንቢቱ የገባችው በሌላ በር ነው። ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ፣ ጁሴፔ ሳፔቶ በስሙ የተዋዋለውን የአሰብን ጠረፍ ሊረከብ በ1870 መርከብ ሲልክ፣ በመርከቡ ሦስት ተፈጥሮ ተመራማሪዎች ተሳፈሩ። ኦራዚዮ አንቲኖሪ፣ አርቱሮ ኢሴልና የ26 ዓመቱ የፍሎረንስ ልጅ ኦዶአርዶ ቤካሪ። ከአሰብ ወደ ቦጎስ፣ ወደ ከረን ወጡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሙንዚንገር ፓሻ ለግብፅ የሚይዘው አገር ነው። ቅኝ ግዛትና ሳይንስ በአንድ መርከብ መጡ ሲባል አባባል ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን የጉዞ ትኬት ነው።

ከቦጎስ የተለቀመው ሁሉ ጃኮሞ ዶሪያ በ1867 ወደ መሠረተው የጄኖቫ ሙዚየም ገባ። ከዚያ ውስጥ ትንሽ ጠቆር ያለች ንብ ነበረች፤ መናደፊያ የሌላት። ቱሪን ተቀምጦ በትርፍ ሰዓቱ ንብና ተርብ የሚመረምር ጆቫኒ ግሪቦዶ የሚባል መሐንዲስ በ1879 ገለጻትና በለቃሚው ስም ትሪጎና ቤካሪ አላት። ዛሬ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ትባላለች። ቤካሪ ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1878 ሱማትራ ደን ውስጥ አንድ ግዙፍ አበባ አግኝቶ ዝናው ወጥቷል፤ ስለ ንቢቱ ብዙ ያስታወሰ አይመስልም።

እኛ ግን ስም ነበረን። ጣዝማ።

ጣዝማን ያላየ ሰው ማሯን ያውቃል። ከምድር በታች፣ ብዙ ጊዜ ምስጥ ወይም ጉንዳን በተወው ጉድጓድ ውስጥ ትኖራለች። ማሯ በእንጀራ አይደረደርም፤ ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በሠራቻቸው፣ እንደ ወይን ፍሬ በተጠጋጉ ጥቃቅን እንስራዎች ይቀመጣል። ቀጭን ነው፣ ይፈሳል፣ ጎምዘዝ ይላል፤ ዋጋው ከቀፎው ማር እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ የሚገዛውም ለመድኃኒት ነው። አንድ ቀን ደሴ ሰኞ ገበያ ማር የሚሸጡ እናት ዘንድ ቆሜ ትንሽ ብልቃጥ አንሥቼ እያየሁ፣ «እማማ፣ ጣዝማን የሚሰርቃት ሌላ ንብ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ንብ?» አሉኝ፤ ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው እየገጠሙ። «ኧረ ልጄ፣ የሚሰርቃትስ ሰው ነው። ጉድጓዷን ዘቅዝቆ ቆፍሮ፣ እናቲቱን ከነልጇ አፈር አልብሶ ነው የሚመጣው። ትገዛለህ ወይስ ትጠይቃለህ?»

ገዛሁ።

ወደ ጄኖቫ መዝገብ ስመለስ፣ መናደፊያ የሌላቸው የኢትዮጵያ ትናንሽ ንቦች ስም ዝርዝር የአንድ ዘመን የጣሊያን ተጓዦች ስም ዝርዝር ሆኖ አገኘሁት። ከሚላን የመጣው ፓውሎ ማግሬቲ በ1883 ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተጉዞ በማግሥቱ ዓመት አንዷን በግሪቦዶ ስም ሰየማት። በ1895 ሌላዋን በመኮንኑ በቪቶሪዮ ቦቴጎ ስም፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሦስተኛዋን በልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ስም አወጣ። ሩስፖሊን ታኅሣሥ 1893 ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ረግጦ ገድሎታል። ቦቴጎ መጋቢት 1897 ወለጋ ውስጥ ተዋግቶ ሞተ፤ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ ድሉ መድረሱን እንኳ በቅጡ ሳይሰማ። አንቲኖሪም ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት በለጥ ማረፊያ፣ አንኮበር አጠገብ፣ ነሐሴ 1882 አርፏል። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የምታህል፣ ከትንኝ የማትለይ፣ ላብ ልትልስ ፊት ላይ የምታርፍ ንብ የልዑል ስም ተሸክማ ትበራለች። ልዑሉ ቢያያት በመዳፉ መትቶ የሚጥላት ይመስለኛል።

ካርታ ላይ ነጥቦቹን አስቀምጦ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ከረን፣ ምሥራቅ ሱዳን፣ አንኮበር፣ ጁባ ወንዝ፣ ቡርጂ። እነዚህ የንብ አገሮች ሳይሆኑ የጣሊያን ግመሎች ያረፉባቸው ቦታዎች ናቸው። ንቢቱ ካራቫን አትከተልም፤ መዝገቡ ግን ካራቫን ብቻ ይከተላል። በሰሜኑ የጣሊያን መስመርና በሸዋው ጣቢያ መካከል ያለው አገር፣ ማለትም ወሎ፣ ከመዝገቡ ውጭ የቀረው ንብ አጥቶ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በ1882 ጅራታሙን ኮከብ አይተው በደስታ ደሴን ቆረቆሩ በሚባልበት ዓመት አንቲኖሪ የሞተው ከዚያ የጥቂት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነበር።

አሁን ዘራፊዋ ትምጣ። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ፍሪዘ በ1909 የአፍሪካን ንቦች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሰባስቦ ነበር። በ1912 ራሷ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነ አንዲት ትንሽ ንብ ገለጸ፤ ኩቢሴፕስ ማለት ባለ ሣጥን ራስ ማለት ነው። ያስቀመጣት ከአፍሪካ ዘመዶቿ ጋር ሳይሆን ከደቡብ አሜሪካ ዘራፊ ንቦች ጎን ነው። ምክንያቱ እግሯ ነበር፤ ሌሎቹ መናደፊያ የሌላቸው የአፍሪካ ንቦች የሚሸከሙበት ቅርጫት እሷ ዘንድ የለም። ቄሱና ለፐልቲየ የተጠቀሙበት ምርመራ መሆኑ ነው፤ በደረቀ ናሙና ላይ፣ ንቢቱ ስትኖር ሳትታይ።

እዚህ ላይ ለወጣት ተመራማሪ የሚጠቅም አንድ ማስጠንቀቂያ ጣልቃ ላስገባ። በዚያ ዘመን የጀርመንና የእንግሊዝ ጽሑፎች ርእስ ላይ «የኢትዮጵያ ክልል» የሚል ሲያይ ልቡ አይዝለል። ስክሌተር በ1858 የዓለምን ወፎች በክልል ሲከፍል ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ ሁሉ ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ከመቶ ዓመት በላይ ጸና። ስለዚህ ከካሜሩን የመጣች ንብ «የኢትዮጵያ» ተብላ ትታተማለች። እኔም አንድ ሙሉ ሳምንት በዚህ ስም ተታልዬ ካታሎግ ስገለብጥ ከርሜያለሁ፤ የጠፋው ጊዜ አይመለስም፣ ሌላው ግን ይዳን።

ዘራፊዋን በሕይወት ሳለች የተከታተላት ቪርጂሊዮ ደ ፖርቱጋል አራውዦ ነው፤ አንጎላ ውስጥ፣ ውጤቱን በ1958 አሳተመ። ያየው ነገር የእግሯን ምስክርነት አጸና። ይቺ ንብ አበባ ላይ አትሠራም። የነማግሬቲን ትናንሽ ንቦች፣ የነግሪቦዶንና የነቦቴጎን ወገን፣ ቤታቸው ድረስ በመንጋ ሄዳ ትወርራለች፤ የተከማቸውን ምግብና ሰም ወደ ራሷ ጎጆ ታግዛለች። ከታይሬየስ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ታይሬየስ ሌባ ናት፤ ብቻዋን፣ በጓሮ በር፣ ልጇን ትታ የምትሄድ። ይቺኛዋ ወራሪ ናት፤ ጎጆ አላት፣ ንግሥት አላት፣ ሠራዊት አላት፣ ጎተራዋ ብቻ ሌላ ሰው ቤት ነው። የአሜሪካዎቹ ዘመዶቿ ሲወርሩ የሎሚ ሽታ ይረጫሉ፤ የተወረሩት በሽታው ግራ ተጋብተው መከላከሉን ይተዋሉ። በ1961 ብራዚላዊው ካህን ሄሱስ ሳንቲያጎ ሙሬ አፍሪካዊቷን ከአሜሪካዎቹ ለይቶ ክሌፕቶትሪጎና የሚል የወገን ስም አወጣላት። ክሌፕቶ ግሪክ ነው፤ ሌባ። ስርቆትን ከንብ አካል ላይ በማንበብ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ካህናት መሆናቸው ደስ ይለኛል፤ ኑዛዜ መስማት የለመደ ሰው ያልተነገረውን ይሰማል መሰል።

በአገር ውስጥ የንብ ጥናት ቤት ያገኘው በ1965 የሆለታ ጣቢያ ሲከፈት ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራው የቀፎዋ ንብ ነበረች፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ገበሬው የሚበላው ከእሷ ነውና። አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቹ በ2004 የአገሪቱን ንቦች አካል እየለኩ አምስት ንዑስ ዝርያ አሉ። ማይክስነርና ጓደኞቿ በ2011 የለም፣ የኢትዮጵያዋ ንብ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ናት ብለው በሰሜን ተራሮች ስም ሲመንሲስ አሏት። ክርክሩ የቤተሰብ ክርክር ስለሆነ አልገባበትም።

ለኛ ጉዳይ የሚበልጠው በ2013 የወጣው ነው። የቤልጅየሙ አለን ፖሊና ኢትዮጵያዊው ዘውዱ አራርሶ ሆራ የኢትዮጵያን መናደፊያ አልባ ንቦች እንደገና አንድ በአንድ አዩ። የድሮዎቹን የጄኖቫ ስሞች አጣሩ። ማግሬቲ በ1895 ያወጣለት ስም ቀዳሚ ሆኖ ሳለ በኋለኛ የጀርመን ስም ተሸፍኖ ለኖረ ሌላ ዝርያ ስሙን መልሰው ሰጡት። ከባሌ ደግሞ አዲስ ዝርያ ጨመሩ፤ ሊዮትሪጎና ባሊየንሲስ አሏት። ስሙን ልብ ይሏል። ከልዑልና ከመኮንን ስም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ትንሽ ንብ ባገሯ ስም ተጠራች። ከገለጻት ጽሑፍ ደራሲዎችም አንዱ የሆለታ ሰው ነው። ይህ ዝርያ ዘራፊዋ የምትወርረው ወገን አባል ነው።

ጥገኛዋ ንብ ብዙውን ጊዜ ከአስተናጋጇ በኋላ ነው የምትገኘው፤ ከአስተናጋጇ በፊት ደግሞ ትጠፋለች። ለዚህ ምርጥ ምስክሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ኤፒኦሎይዲስ የምትባል ጥገኛ ንብ አለች። አስተናጋጇ ማክሮፒስ ናት፤ ማክሮፒስም የምትኖረው ከአንድ ወገን ቢጫ አበባ ዘይት በመልቀም ነው። አበባው ሲሳሳ ማክሮፒስ ሳሳች፤ ማክሮፒስ ስትሳሳ ኤፒኦሎይዲስ ለአሥርት ዓመታት ዓይን ላይ ሳትውል ቀርታ ጠፍታለች ተባለ። በ2002 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ተገኘች፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ኮኔቲከት። ያገኟት ሰዎች የፈለጉት እሷን በቀጥታ ሳይሆን የንቦችን ሁሉ መዝገብ ነበር። ጥገኛ ንብ ስትታይ ከሥሯ ያለው ቤት ሙሉ ነው ማለት ነው። ባለጸጋ ያልሆነ ቤት ሌባ አይጠጋውም።

ወደ ወሎ እንመለስ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቦርከና ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ሁለት የአየር ጠባይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ ለነፍሳት ይህ ሁለት አገር ነው። የቦርከና ገደል አፈር ግድግዳ የሚመስል ነው፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ፀሐይ የሚመታው። ከተሞቹ ግን ጭቃ እየተዉ ነው። ብሎኬት በገባበት ሰፈር ግድግዳ የሚበሳ ንብ መግቢያ የለውም፤ ቤቱ ለሰው የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፣ ማንም ሰው ለንብ ብሎ ጭቃ ቤት ይኑር የሚል ሞኝ የለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ መረብ ይዞ ከግቢው አጥር ውጭ የሚወጣ ተማሪ ከማግሬቲ ይልቅ ለቦታው ቅርብ ነው፣ ግመልም አያስፈልገው።

ያደግኩበትን ቤት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልስን አስጠገንኩ። ለሳኙ ጭድና ጭቃ አቡክቶ፣ የተበሳሳውን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በመዳፉ እየመረገ ሲወርድ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነ። ውስጥ ያለው ሁሉ ተደፈነ፤ የባለቤቷም ልጅ፣ የሌባዋም ልጅ። መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስመለስ ልስኑ ደርቆ ነጥቷል። ከዓይን ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ ከሥራቸው መሬት ላይ የተፈረፈረ ጭቃ። ከውስጥ ወደ ውጭ የተበሱ ናቸው፤ ፍርፋሪው ይናገራል። ማን እንደወጣባቸው ግን አይናገርም፤ ቀዳዳው በሦስቱም አንድ ነው።